የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲና የተማሪ ቤተሰብ፦ ስለ ልጅ ጤና መረጃ በየት በኩል ይደርሳል?

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ቤተሰቦች ብቻ የሚሠራ ክፍል አላቸው። ክፍሉ በየጊዜው ለቤተሰብ ኢሜይል ይልካል፣ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ለወላጆች የገለጻ ቀን ያዘጋጃል፣ በመከር ወራት ቤተሰብ ካምፓሱን የሚጎበኝበትን ቅዳሜና እሁድ ያሰናዳል፣ ስልክም ያነሳል። ወላጅ ደውሎ «ልጄ ክሊኒክ መጥታ ነበር ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ልንነግርዎ አንችልም» የሚል ነው። መልሱ የሚመጣው ከሠራተኛው ክፋት ሳይሆን ከሕግ ነው፤ ያም ሕግ ብዙ ወላጆች ከሚገምቱት በላይ መግቢያ አለው።

ሕጉ በአጭር ስሙ ፈርፓ ይባላል። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት በ1974 ነው (ከዚህ በታችም የወጡት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የወጣው ትምህርት ቤቶች ስለ ልጆች የሚጽፉትን ማኅደር ከወላጅ ደብቀው እንዳይዙ ነበር። እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ያንን ማኅደር የማየት መብት በመሠረቱ የወላጅ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው፣ ወይም ሳይሞላውም ኮሌጅ ሲገባ፣ መብቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ልጁ ይዞራል። የትምህርት ክፍያውን ማን እንደሚከፍል ሕጉ አይጠይቅም። ልጅ ትዳር እስኪይዝ በወላጁ እጅ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ቤት ይህ ለውጥ መክበዱ አያስገርምም።

ሆኖም ፈርፓ ዝምታን በሁሉም ነገር ላይ አላዘዘም። ወላጅ ልጁን በግብር ማስታወቂያው ላይ ጥገኛ አድርጎ ካስመዘገበ ዩኒቨርሲቲው ማኅደሩን ሊያሳየው ይችላል፤ ይችላል እንጂ አይገደድም፤ ብዙ ተቋማትም በገዛ ደንባቸው የተማሪውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ የአልኮል ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ደንብ ከጣሰ ለወላጅ መንገር ከ1998 ጀምሮ ተፈቅዷል። የተማሪው ወይም የሌሎች ጤናና ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅም እንዲሁ። ይህን የመጨረሻውን ፈቃድ በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መንግሥት በ2008 አስፍቶታል፤ ከዚያ በፊት ሠራተኞች ሕጉን እየፈሩ መናገር የሚገባቸውን ሳይናገሩ ይቀሩ እንደነበር ታይቶ ነበር። በተጨማሪ ሕጉ የሚመለከተው የተጻፈ ማኅደርን ነው። አንድ የዶርም ኃላፊ በዓይኑ ያየውን፣ ለምሳሌ ተማሪዋ ለቀናት ከክፍሏ አለመውጣቷን፣ ለወላጅ መንገር በፈርፓ አይከለከልም።

ከሁሉም በላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር መረጃ ከቤተሰብ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዳይሄድ የሚከለክል ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። እናት ለተማሪዎች ጉዳይ ዲን ቢሮ ደውላ «ልጄ ሦስት ቀን ስልክ አላነሳም፤ አስም አለበት» ብትል ቢሮው መስማትና መከታተል ይችላል። የካምፓስ ፖሊስም ዶርሙ ድረስ ሄዶ የልጁን ደኅንነት እንዲያይ ሲጠየቅ ይሄዳል። ፖሊሱ ያየውን ሁሉ ለእናትየው አይዘረዝርም፤ ልጁን ግን «ለቤትህ ደውል» ይለዋል።

የጤና ማኅደር ከትምህርት ማኅደር ተለይቶ ይቀመጣል። የካምፓሱ ክሊኒክ ተማሪዎችን ያከመበት መዝገብ ብዙውን ጊዜ በፈርፓ ሥር ነው፤ ከካምፓስ ውጭ ያለው ሆስፒታል ደግሞ ሂፓ በሚባለው በ1996ቱ ሕግ ይመራል። ለወላጅ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፦ ተማሪው 18 ካለፈ ፈቃድ ሰጪው ራሱ ነው። ሂፓ ግን በሽተኛው ራሱን ካላወቀ ወይም መናገር ካልቻለ፣ ለእሱ የሚበጀው ያ መሆኑን ሐኪሙ ካመነበት፣ ለቤተሰብ እንዲናገር ይፈቅዳል።

ፈቃድ አሰጣጡ በተግባር እንዲህ ነው። ተማሪዋ በራሷ ፓስወርድ ወደ ምዝገባ ገጿ ትገባና ቤተሰብን ወደሚመለከተው ክፍል ትሄዳለች። የእናቷን ስምና ኢሜይል ትጽፋለች፤ ከዚያ በሣጥኖቹ ላይ አንድ በአንድ ምልክት ታደርጋለች፦ የክፍያ ሒሳብ፣ የገንዘብ ድጋፍ፣ ውጤት፣ የክፍል ፕሮግራም። ለእናትየው ሊንክ ይደርሳታል፤ የራሷን ፓስወርድ አውጥታ ትገባለች። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ሲደርስ ሁሉም ተከፈተ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ከሣጥኖቹ መካከል ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ክሊኒኩ የራሱ ፖርታልና የራሱ የፈቃድ ቅጽ አለው፤ ቅጹ ማን ምን እንዲያውቅና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ያስጽፋል። ሦስተኛ ወረቀትም አለ፦ ተማሪው መወሰን ቢያቅተው ስለ ሕክምናው የሚወስንለትን ሰው የሚሰይምበት ውክልና። ቅጹ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል፤ የኑሮ አድራሻው በሜሪላንድ ሆኖ ትምህርቱ በኦሃዮ ላለ ልጅ የሁለቱንም ደንብ ማየት ይበጃል። እነዚህ ወረቀቶች የሚፈረሙበት ጊዜ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት ሳምንት ነው። ሌሊት ከድንገተኛ ክፍል ሆኖ ቅጽ መፈለግ ለማንም አይመከርም።

የሁሉም የሆነ፣ ፈቃድ የማያስፈልገው መረጃም አለ፤ ይህ የተገኘው በአንድ ቤተሰብ ትግል ነው። ጂን ክሌሪ የተባለች የ19 ዓመት ተማሪ በ1986 በፔንሲልቬንያ በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች። ወላጆቿ በካምፓሶች የሚፈጸም ወንጀል ለቤተሰብ እንዲነገር ባደረጉት ዘመቻ በ1990 በስሟ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ የደኅንነት ሪፖርት ማውጣት አለባቸው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ቅጽበታዊ አደጋ ሲከሰት ወዲያውኑ የማስጠንቀቅ ግዴታ ተጨምሯል። ግዴታው ተኩስንና እሳትን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የማጅራት ገትር ወረርሽኝም ይካተታል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መልእክት፣ በኢሜይልና በድምፅ ማጉያ ይሄዳል። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የወላጁን ስልክ ቁጥር መጨመር ይችላል፤ በሌሎች ወላጅ ራሱ ይመዘገባል። መልእክቱ አጭር ነው፤ ቦታውንና ምን ማድረግ እንደሚገባ ብቻ ይናገራል፤ ዝርዝሩ ዘግይቶ ይመጣል።

ቤተሰብ ቀድሞ የሚነካው የጤና ጉዳይ የክትባት ማስረጃ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጡ ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉም የሚያደክመው ይኸው ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባት ሁለት ጊዜ መወሰዱን ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በመደበኛነት ይሰጥ የነበረው ግን የኩፍኝ ክትባት ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም በ9 ወር ነበር። አሜሪካ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተሰጠውን አትቆጥርም። ስለዚህ እናት በጥንቃቄ ያኖረችው ካርድ እያለ ልጇ እንደ አዲስ ይከተባል፣ ወይም የበሽታ መከላከያ አቅሙ በደም ምርመራ ይታያል። ዳግም መከተቡ ጉዳት የለውም። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነም መለወጥ ያስፈልጋል፦ መስከረም 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2015 ነው። እንዳለ የተላከ ካርድ ልጁ ከመወለዱ በፊት የተከተበ ሊያስመስለው ይችላል፤ መዝገቡ ውድቅ ሆኖ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ የሚታገደውም በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

ማጅራት ገትርም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ በሚያልፈው የማጅራት ገትር ቀጠና ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት፤ ከ2013 እስከ 2015 በተካሄደው ዘመቻም ብዙ ልጆችና ወጣቶች ተከትበዋል። ያ ክትባት የሚከላከለው ኤ የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው። የአሜሪካ ዶርሞች የሚጠይቁት ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይን በአንድ ላይ የሚከላከለውን ሲሆን፣ ማጠናከሪያው በ16 ዓመት እንዲሰጥ ይመከራል። ቢ የተባለው ዓይነት ለብቻው ሌላ ክትባት አለው፤ ተማሪው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስናል። በሽታው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር አንድ ላይ ከታዩ ልጁ «ነገ እሄዳለሁ» ማለት የለበትም፤ ወላጅም በስልክ ይህን ከሰማ ያኔውኑ ሂድ ማለት አለበት።

ቲቢ ሦስተኛው ነው። በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች የመጡ ተማሪዎች ምርመራ ይጠየቃሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች ውስጥ ናት። በክንድ ቆዳ ሥር የሚሰጠው ምርመራ በሕፃንነቱ የቢሲጂ ክትባት የወሰደን ሰው ያለ በሽታ አዎንታዊ ሊያሳይ ይችላል፤ የደም ምርመራው ግን በቢሲጂ አይታለልም። ተማሪው የደም ምርመራው እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል። የደሙ ውጤት አዎንታዊ ሆኖ ራጁ ንጹሕ ከሆነ ተማሪው የተኛ ቲቢ አለው ማለት ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ከትምህርት ገበታውም አያስቀርም፣ በመድኃኒትም ይታከማል። በአገር ቤት በዚህ በሽታ ስም የደረሰ መገለል ትዝ ስለሚላቸው ውጤቱን ከቤተሰብ የሚደብቁ ተማሪዎች አሉ። ቤተሰብ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያውቅ ልጁ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የመጨረስ ዕድሉ ይሰፋል።

የኢንሹራንስ ጉዳይ በተማሪው ሒሳብ ላይ ሳይታሰብ የሚታይ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሳቸውን ኢንሹራንስ በቀጥታ ያስከፍላሉ፤ በወላጁ ኢንሹራንስ የተሸፈነ ተማሪ በየዓመቱ እስከ ቀነ ገደቡ ድረስ ማስረጃውን በኢንተርኔት አስገብቶ ክፍያውን ያሰርዛል። ማሳሰቢያው የሚላከው ወደ ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ነው፤ ያንን ኢሜይል የማይከፍቱ ተማሪዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ቀኑ ካለፈ ገንዘቡን ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። ለጤና ማዕከሉ የሚከፈለው የሴሚስተር ክፍያ ከዚህ ይለያል፤ ኢንሹራንስ ላለውም ለሌለውም ይጠየቃል። የወላጅን ኢንሹራንስ የሚቀበሉ ሐኪሞች በልጁ ካምፓስ አካባቢ መኖራቸውም መጣራት አለበት፤ በተለይ ሜዲኬይድ ከራሱ ክፍለ ሀገር ውጭ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ብዙም አይሠራም።

በወላጅ ኢንሹራንስ የታከመ ልጅ ምሥጢሩ በዚያው መንገድ ሊወጣ ይችላል። ኩባንያው ለባለ ኢንሹራንሱ የክፍያ መግለጫ ይልካል፤ ላዩ ላይ ይህ ቢል አይደለም የሚል ጽሑፍ አለበት፣ ከሥሩ የታከመው ሰው ስም፣ ቀኑና የአገልግሎቱ ዓይነት ይዘረዘራል። ተማሪው መግለጫው በራሱ አድራሻ እንዲላክለት ኩባንያውን መጠየቅ ይችላል። ወላጅ ፖስታውን ከፍቶ የማያውቀውን ነገር ቢያገኝ በቁጣ ከመደወል ቀስ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የተቆጡት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ክሊኒክ መሄዱን ሊተው ይችላል።

የአእምሮ ጤና ላይ ዝምታው ከሁለቱም ወገን ነው። የካምፓሱ የምክር አገልግሎት ተማሪ መምጣቱን እንኳ ለወላጅ አያረጋግጥም፤ ይህ ጥብቅነት ተማሪዎች ሳይፈሩ እንዲመጡ ያደርጋል። አገልግሎቱ ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ረዘም ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ወደ ውጭ ይላካል፤ ኢንሹራንሱ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። የልጁ ድምፅ ሲለወጥ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ መኖር ሰለቸኝ ሲል ቤተሰብ ጸሎትንና ጠበሉን ከሐኪም ጋር ማስኬድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ 988 የተባለው ቁጥር በማንኛውም ሰዓት በስልክም በጽሑፍም ይመልሳል፤ የሚደውለው ራሱ የተጨነቀው ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ እሱ የሰጋ ቤተሰብም ሊሆን ይችላል፤ በስልክ ሲደወል አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ቋንቋ ሌላው እንቅፋት ነው። የዩኒቨርሲቲ መልእክቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ታላቅ እህት ወይም ራሱ ተማሪው ተርጓሚ ይሆናል። ራሱ የታመመ ልጅ ስለ ራሱ በሽታ ለእናቱ ሲተረጉም ግን የሚያስጨንቃትን ትቶ መናገሩ አይቀርም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጁ ፈቅዶ ወላጅ ሐኪሙን ሲያነጋግር «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል።

ወላጆች ራሳቸው የሚያቋቁሟቸው የቴሌግራምና የዋትስአፕ ቡድኖች መኪና ለመጋራትና ያገለገለ ማቀዝቀዣ ለመሸጥ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ስለ ወረርሽኝ የሚወራውን ግን በዩኒቨርሲቲው ኦፊሴላዊ ገጽ ማመሳከር ግድ ነው። ልጅዎ ታስሯል፣ ልጅዎ ሆስፒታል ገብቷል ብለው ደውለው ገንዘብ አሁኑኑ እንዲላክ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሆስፒታል በስጦታ ካርድ ክፍያ አይጠይቅም። ስልኩን ዘግቶ ለልጁ፣ ካልተገኘም ለካምፓስ ፖሊስ በታወቀው ቁጥር መደወል ነው።

ተማሪው የሰጠውን ፈቃድ በፈለገ ጊዜ መሰረዝ ይችላል፤ ለዚህም ምክንያት አይጠየቅም። በወላጅ ኢንሹራንስ ሥር መቆየት ደግሞ ከ2010ሩ የጤና ሕግ ወዲህ በዕድሜ እንጂ በምረቃ አያበቃም፦ ልጁ ቢመረቅም፣ ሥራ ቢይዝም፣ ቢያገባም 26 ዓመት እስኪሞላው ሽፋኑ ይቀጥላል።