ጨረቃ መቼ ትቀርበናለች?

ከምድር እስከ ጨረቃ ያለው ርቀት ስንት ነው ቢባል የተለመደው መልስ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን አማካይ ነው። ጨረቃ በጣም ስትቀርበን ወደ 356,400፣ በጣም ስትርቀን ደግሞ ወደ 406,700 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች። ልዩነቱ ከ50,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ምድርን የሚያህሉ አራት አካላት ጎን ለጎን ቢደረደሩ ይህን ያህል ቦታ ይይዛሉ።

ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የምህዋሯ ቅርጽ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር በ1609 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩበት መንገድ ሞላላ መሆኑን፣ ፀሐይም ከመካከሉ ፈንጠር ብላ እንደምትገኝ አሳይቷል። የጨረቃም ጉዞ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር አንድ የቅርበት፣ አንድ የርቀት ጫፍ አላት። ከአንዱ የቅርበት ጫፍ እስከ ቀጣዩ በአማካይ 27 ቀን ተኩል ይፈጃል። ስትቀርብ ትፈጥናለች፤ ስትርቅ ትዘገያለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ወሩ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ሁለተኛዋ ምክንያት ግን ፀሐይ ናት። ስበቷ የጨረቃን ምህዋር አንዴ ይበልጥ ሞላላ ያደርገዋል፣ አንዴ ወደ ክብነት ያቀርበዋል። የሞላላው ረጅም ጎን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሲጋደም የቅርበቱ ጫፍ ወደ 357,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከሦስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ያው ጎን ለፀሐይ አግድም ሲሆን ጨረቃ በጣም ቀረበች በምትባልበት ቀን እንኳ 370,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የርቀቱ ጫፍ ግን ብዙም አይናወጥም፤ ከ404,000 እስከ 406,700 ባለው ውስጥ ይመላለሳል።

ረጅሙ ጎን ወደ ፀሐይ ሲያመለክት ጨረቃ ለምድር የምትቀርበው ወይ ሙሉ ስትሆን ወይ አዲስ ስትወለድ ነው። ቅርበቱ ከሙሉ ጨረቃ ጋር ሲገጥም ዜናው “ሱፐር ሙን” ይለዋል። ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ጨረቃ በ356,509 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበረች፤ ሙሉ ጨረቃ ይህን ያህል ቀርባ የታየችው ከዚያ በፊት በ1940 ዓ.ም. ነበር። ግጥሚያው በየ412 ቀኑ ገደማ ስለሚመለስ ከዓመት ዓመት አንድ ወር ተኩል ያህል ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ቋሚ ወር የለውም።

ስትወጣ ከተራራው ጫፍ ላይ ግዙፍ ሆና መታየቷ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ያ የዓይናችንና የአእምሯችን ሥራ ነው። እንዲያውም በአድማስ ላይ ሳለች፣ አናታችን ላይ ከምትሆንበት ጊዜ ይልቅ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቀናለች።

ርቀቱ ያመጣውን ለውጥ በግልጽ ያየነው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ጨረቃ የርቀት ጫፏን ካለፈች ስድስት ቀን ያህል ሆኗት ነበር፤ በላሊበላ ሰማይ ላይ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ሙሉ በሙሉ ልትሸፍናት አልቻለችም። በዙሪያዋ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ተረፈ። ትንሽ ብትቀርብ ኖሮ ቀኑ ጨልሞ ሙሉ ግርዶሽ በሆነ ነበር።

ለውጡን ራስዎ ማየት ቢፈልጉ ቴሌስኮፕ አያስፈልግዎትም። አጉልቶ የሚያነሣ ካሜራ ይበቃል። በቅርበቷ ጊዜ ሙሉ ጨረቃን ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ ሰባት ሙሉ ጨረቃ ቆጥረው፣ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው የማጉያ መጠን ደግመው ያንሡ። ሁለቱን ፎቶዎች በእኩል መጠን አሳትመው በማስመሪያ ይለኩ። በሁለተኛው ላይ ጨረቃ አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላት፣ በመጀመሪያው ላይ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ትሆናለች።