ከባዱ ማገናኘቱ ሳይሆን ማለያየቱ ነው

እ.ኤ.አ. በ2007 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ቺፕ ላይ በሚሊሜትሮች የተራራቁ ሁለት ሱፐርኮንዳክቲንግ ኪዩቢቶችን (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃዶችን) በማይክሮዌቭ መስመር አነጋገሩ። ግሩም ነበር። ግን ወሬው «በቃ» ሲባልም ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ስሌት የሚያበላሸው ይሄ ሹክሹክታ ነው።

መላው ያለው በሰርኪዩቱ ንድፍ ውስጥ ነው። በሁለቱ ኪዩቢቶች መካከል ፍሪኩዌንሲው በማግኔታዊ መስክ የሚስተካከል ሦስተኛ አካል፣ አገናኝ፣ ይገባል። አንዱ ግንኙነት ቀጥታ ነው፤ ሌላው በአገናኙ በኩል ይዞራል። አንዱ ፕላስ፣ ሌላው ማይነስ ሲሆን፣ የአገናኙ ፍሪኩዌንሲ ልክ ቦታው ላይ ሲደርስ ይጣፋሉ። ሽቦ አልተቆረጠም፤ ወሬው ግን ጸጥ! (እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።)

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳወቀው፣ ሲካሞር በተባለው የኳንተም ፕሮሰሰር የተደረገው ሙከራ 53 ኪዩቢቶችና 86 አገናኞች ነበሩት። አገናኞቹ ይበልጣሉ፤ ዜናው ላይ ግን በብዛት የተወራው ስለ ኪዩቢቶቹ ነው።