ጠመንጃው ምን ይጉረስ?

ስለ ጠመንጃ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር «ባሩድ በበዛ መጠን አረሩ ይርቃል፤ አረሩ በራቀ መጠንም ጠመንጃው ይሻላል» የሚል ሰው አይታጣም። ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ለማስረዳት በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ረጅም ጠመንጃ የሚባለውን በባልጩት የሚተኰስ ነፍጥ መርጠናል። የዚህ ጠመንጃ ዋና ብልኃት የሚገኘው በባሩዱ ብዛት ሳይሆን ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም በማትበልጥ ቁራጭ ጨርቅ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረት መትቶ ፍንጣሪ ያወርዳል፤ ፍንጣሪውም በጎን ባለችው ትንሽ ጽዋ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ባሩድ ያቀጣጥላል፤ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ አልፎ በርሜሉ ውስጥ ካለው ባሩድ ይደርሳል። ባሩዱም አረሩም የሚገቡት በአፈሙዝ በኩል ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በላንካስተርና በአካባቢው የሰፈሩ ጀርመናውያን ጠመንጃ ሠሪዎች ካገራቸው ያመጡትን አጭርና ወፍራም የአደን ጠመንጃ አስረዘሙት፥ ውስጡንም አጠበቡት። ማጥበባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዱር የሚገባ አዳኝ እርሳሱንም ባሩዱንም የሚሸከመው ራሱ ነው። ከአንድ ኪሎ እርሳስ ለዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደር ጠመንጃ የሚሆን ወደ 31 ያህል አረር ይወጣል፤ ውስጡ 12.7 ሚሊሜትር ለሆነ ረጅም ጠመንጃ ግን 87 ይወጣል። ገበያ በሌለበት አገር ይህ ልዩነት የሥጋና የጦም ልዩነት ነበር።

አሁን ወደ ጨርቋ እንመለስ። በበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተፈልፍለዋል፤ ዓላማቸው አረሩ እየተሽከረከረ እንዲወጣና መንገዱን እንዳይስት ነው። አረሩ በርሜሉን ልክክ ብሎ ቢሞላ በአፈሙዝ በኩል ለማስገባት በመዶሻ መቀጥቀጥ ያሻል፤ ቢያንስ ደግሞ ቦዮቹ አይዙትም። ስለዚህ አረሩን ጥቂት አሳንሶ በጨርቅ መጠቅለል መፍትሔ ሆነ። ለ12.7 ሚሊሜትር በርሜል የተለመደው አረር 12.45 ሚሊሜትር ነው፤ የጨርቁ ውፍረት ደግሞ ከ0.25 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ይደርሳል። ጨርቁ በቦዮቹ ውስጥ ተጨምቆ አረሩን ይይዛል፥ ሽክርክሪቱን ያስተላልፋል፥ እሳቱም በጎን እንዳያመልጥ ይዘጋል። አረሩ ከንጹሕ እርሳስ መሆን አለበት፤ ጠንካራ ቅይጥ ከሆነ ጨርቁ በደንብ አይነክሰውም።

ጨርቁ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ የተልባ እግር ወይም የጥጥ ጨርቅ ነው። አዲስ ከሆነ ሙጫው እንዲለቅ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ከዚያ በሞራ ይቀባል። የዱር ሰዎቹ የድብ ስብ ይወዱ ነበር፤ የቸኰለም በምራቁ ያርሰው ነበር። ናይሎን የመሰለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን በእሳቱ ስለሚቀልጥ ለዚህ አይሆንም።

ስለ ባሩዱ መጠን ደግሞ የቆየ ልማድ አለ። ይኸውም የበርሜሉ ስፋት በኢንች መቶኛ ስንት እንደ ሆነ ታይቶ በዚያው ቍጥር ግሬን ባሩድ መጀመር ነው። የእኛው ምሳሌ 50 ስለ ሆነ 50 ግሬን፥ ማለት 3.2 ግራም ያህል ይሆናል። ተኳሹ ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አሳርፎ ጥቂት ጊዜ ይተኩሳል፤ ከዚያ አምስት አምስት ግሬን እየጨመረ ቀዳዳዎቹ ከሁሉ ይልቅ የሚቀራረቡበትን መጠን ይፈልጋል፤ ሆኖም ሠሪው ከወሰነው ልክ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያለው ጭማሪ ጢስና ግፊት ከመሆን በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ድብልብል አረር በአየር ውስጥ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላልና።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ጨርቋ ምስክር መሆኗ ነው። ከተኰሱ በኋላ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ሄዶ የወደቀችውን ጨርቅ ማንሣት ነው። መካከሏ ጠቁሮ ዙሪያዋ ደኅና ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ተቃጥላ ከተበሳች ጨርቁ ሳስቷል፥ ወይም አረሩ አንሷል፥ ወይም ባሩዱ በዝቷል። በስለት እንደ ተቈረጠ ከተሰነጠቀች ደግሞ የአፈሙዙ ወይም የቦዮቹ ጠርዝ ስለት ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ቀልድ የማያውቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ ሳይቀመጥ በመካከል ባዶ ቦታ ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ልባም ተኳሽ በመጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ምልክት ያደርጋል። ባሩድ ከቀንዱ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ አይፈስም፤ የቀረ ፍም ቢኖር እሳቱ ወደ ቀንዱ ይወጣልና መስፈሪያ የግድ ነው። ዛሬም በእነዚህ ጠመንጃዎች የሚጫወቱ ሰዎች ጢስ አልባ ባሩድ ከቶ አይነኩም፤ በጥቁር ባሩድ ልክ የተሠራን በርሜል ይበታትነዋልና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጊዜ ይፈጃል። የሠለጠነ የእንግሊዝ ወታደር ልስልስ በርሜል ባለው ጠመንጃ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ሲተኩስ ባለረጅሙ ጠመንጃ አንድ ጊዜ ያህል ቢተኩስ ነው። በአገራችንም እንዲህ ያለውን ዘገምተኛ ነፍጥ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ ቀልደውበታል። በ1775 የአሜሪካ ኮንግሬስ ከፔንሲልቫኒያ፥ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አሥር የጠመንጃ ተኳሾች ሻምበል እንዲመለመል ወሰነ፤ በርቀት አነጣጥረው መኰንን ይጥሉ ስለ ነበር በእውነት ተፈሩ። ነገር ግን ጠመንጃቸው ሳንጃ አይቀበልም ነበርና ጠላት ደፍሮ ሲደርስባቸው፥ በ1776 በሎንግ አይላንድ እንደ ሆነው፥ መከላከያ አጡ። በ1777 በሳራቶጋ የሞርጋን ተኳሾች ድል የቀናቸው ሳንጃ የያዘው የዲርቦርን እግረኛ ስለ ደገፋቸው ጭምር ነው። እንግሊዞችም ከ1800 ጀምሮ ቤከር የተባለውን ጠመንጃ ለተኳሾቻቸው ሲያድሉ ሁለት ዓይነት ስንቅ አስያዟቸው፤ ጊዜ ላለው በጨርቅ የሚጠቀለል አረር፥ ለተጣደፈ ደግሞ በወረቀት የታሸገ አነስተኛ አረር።