ስውር የሚመስለው ገንዘብ ዱካ

በአሰላና በአርሲ ደጋ የሚገኙ ነጋዴዎቻችን የኮምባይነር መለዋወጫ ከውጭ አገር ለማስመጣት ሲሹ፥ «ዋጋውን በቢትኮይን ክፈሉ፤ ማንም አያውቅባችሁም» የሚላቸው ደላላ አይታጣ ይሆናል። ይህ አነጋገር ስሕተት መሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን።

አንደኛ፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ እንደ ሆነና በቢትኮይን መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል።

ሁለተኛ፥ የቢትኮይን ዝውውር ሁሉ ለማንም ክፍት በሆነና በማይፋቅ መዝገብ ይጻፋል። መዝገቡ የሂሳቡን ቁጥር እንጂ የባለቤቱን ስም አይዝም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ወደ ዶላር ሲለወጥ ሕጋዊው መንዛሪ መታወቂያ ስለሚጠይቅ፥ ቁጥሩና ስሙ ይገናኛሉ። በ2008 ዓ.ም. ቢትፊኔክስ ከተባለው መንዛሪ ድርጅት 119,754 ቢትኮይን ተሰርቆ ነበር። ሌባው በብዙ ሂሳቦች አዘዋውሮ ዱካውን ለማጥፋት ቢደክምም፥ የአሜሪካ መርማሪዎች ዝውውሩን ተከትለው በ2014 ዓ.ም. ከ94,000 የሚበልጠውን ያዙ።

ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ቢትኮይን የተቀበለ ነጋዴ፥ ዕቃው ተሸጦ ከተረሳ በኋላም ስሙ በምርመራ ሊነሣ ይችላል። የከፈለውም ሰው ዕቃው ቢቀርበት፥ ዱካውን ያያል እንጂ ክፍያውን የሚያግድለት ባንክ የለውም። በባንክ በኩል የሚከፈት ኤል ሲ ቢዘገይም፥ ሰነዱ ሳይሟላ ገንዘቡ አይለቀቅም።