ማማው ሲጠፋ የሚነጋገሩት

መብራት ሲቋረጥ የሞባይል ማማ በባትሪው የሚቆየው ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይደለም። ስልክ ይበልጥ የሚፈለገው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ክፍተት በብዙ አገሮች የሚሸፍኑት ተፈትነው ፈቃድ ያወጡ፣ ግን አምስት ሳንቲም የማይከፈላቸው የአማተር ራዲዮ ሰዎች ናቸው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1914 ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ከጓደኛው ጋር የመሠረተው የአማተር ራዲዮ ማኅበር መነሻው መልእክትን ከጣቢያ ጣቢያ መቀባበል ነበር፤ በ1935 የአደጋ ጊዜ ክንፍ አቋቋመ። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲያወድም ቀይ መስቀል 50 ባለሙያ እንዲላክለት የጠየቀው ይህንኑ ማኅበር ነው።

ለእኔ ግን የሚልቀው ምሳሌ የአንዳማን ደሴቶች ነው። በዲሴምበር 2004 ሕንዳዊቷ ባራቲ ፕራሳድና ባልደረቦቿ ፖርት ብሌር የከተሙት ከዓለም ዙሪያ አቻዎቻቸው ጋር በራዲዮ ለመጫወት ነበር። በወሩ 26ኛ ቀን ምድር ተናወጠ፤ ሱናሚው ተከተለ፤ ስልኩም ድምፁ ጠፋ። ጨዋታው በዚያው ቆሞ ጣቢያው የጠፉ ዘመዶች ወሬ ማመላለሻ ሆነ። ከቡድኑም ወደ ካር ኒኮባር ተሻግሮ የሠራ አለ።

ሞያው ረቂቅ አይደለም። አጭር ሞገድ ሽቅብ ወጥቶ በላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ይመለሳል። አንቴናው ዝቅ ብሎ ከተዘረጋ ሞገዱ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዙሪያ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም። የመኪና ባትሪና በሁለት ዛፍ መካከል የተወጠረ ሽቦ ይበቃል። ከባዱ ሥርዓቱ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሞገድ ስለሚናገር እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ቅደም ተከተል የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። መልእክት ተጽፎ ይነበባል፤ ተቀባዩም መልሶ አንብቦ ያረጋግጣል። ይህ በአደጋ ቀን አይለመድም። አሜሪካኖቹ በ1933 የጀመሩትን የሜዳ ልምምድ ዛሬም በየጁኑ የሚያካሂዱት ለዚህ ነው።

የሳተላይት ኢንተርኔት ሲረክስ የአማተር ራዲዮ ሰዎች ድርሻ መጥበቡ አይቀርም። ሆኖም የሳተላይቱ መቀበያ እስኪደርስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት የእነሱ ናቸው።

የኢትዮጵያ አማተር ጣቢያዎች የጥሪ መለያ በ«ኢቲ» ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ካምፓስ ያለው የክለብ ጣቢያም ኢቲ3ኤኤ ይባላል። ተራራና ገደል ለበዛበት አገር ይህ ሞያ ቅንጦት አይደለም። ምሕንድስና የምትማሩ ወጣቶች፣ አምስት ኪሎ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ።