ያልተጻፈለት ማጣሪያ ገና አላለቀም

ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ የቆየ ቪዲዮ ያየ ሰው በምስሉ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ ያውቀዋል። ይህን ነጠብጣብ ከሚያጸዱት ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፦ አንድ ፒክስል ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው በዙሪያው ባሉት ስምንት ጎረቤቶቹ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ስሙ ማጣሪያ ይባል እንጂ እንደ ወንፊት አንዱን አሳልፎ ሌላውን አያስቀርም። እያንዳንዱን ፒክስል እየጎበኘ፣ ጎረቤቶቹን እያየ፣ አዲስ የብርሃን መጠን ይሰጠዋል። 1920 በ1080 የሆነ ፍሬም 2,073,600 ፒክስሎች አሉት፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲያልፍ ከ51 ሚሊዮን በላይ ውሳኔ በየሰከንዱ ይወሰናል። ይህን ሁሉ የሚወስን መሣሪያ በምን ሕግ እንደሚወስን ተጠቃሚው በሚረዳው ቋንቋ ካልተጻፈለት፣ ኮዱ ያለ እንከን ቢሠራም ሥራው አላለቀም ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ይለካል እንበል፤ በአንድ ጠቆር ያለ ግድግዳ ላይ 255 የሆነ አንድ ብልጭታ አለ፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ 52፣ 50፣ 51፣ 49፣ 53፣ 50፣ 48 እና 52 ናቸው። የዘጠኙ አማካይ ሲወሰድ ብልጭታው ወደ 73 ይወርዳል፤ ግን ጎረቤቶቹም እያንዳንዳቸው ብልጭታውን ቆጥረው አማካያቸውን ስለሚወስዱ አንዱ ነጥብ ዘጠኝ ፒክስል የሚሸፍን ደብዛዛ እድፍ ይሆናል። ዘጠኙን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከለኛውን የሚመርጠው ማጣሪያ 51 ይሰጣል፤ እድፉም አይኖርም። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ፒክስሉ ከጎረቤቶቹ ትልቁን እንዳያልፍ፣ ከትንሹም እንዳያንስ ብቻ ይገድበዋል፤ ውጤቱ 53 ነው። በ51 እና በ53 መካከል ያለውን ልዩነት ዐይን አይለየውም፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

አንድ ግን አይደሉም። ከቪዲዮው ጋር አብሮ የታተመ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እንውሰድ። ለ እና ሉ የሚለዩት ከጎን በወጣች አጭር ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ ትንሽ ሲሆን የቅጥያዋ ውፍረት አንድ ፒክስል ብቻ ሊሆን ይችላል። በቅጥያዋ መካከል ያለ ፒክስል ከዘጠኙ ውስጥ ሦስቱ ብቻ የፊደሉ ናቸው፤ ስድስቱ ከበስተጀርባው ናቸው። መካከለኛውን የሚመርጠው ማጣሪያ በብዙኃኑ ይፈርዳል፤ ከፊደሉ እግር ራቅ ያለው የቅጥያው ክፍል ይጠፋል፣ ሉም ወደ ለ ይጠጋል። የሚገድበው ማጣሪያ ግን በመስመሩ ላይ እኩል ብርሃን ያለው ጎረቤት ስለሚያገኝ ቅጥያዋን አይነካትም። ቪዲዮ አዘጋጆች በሚገባ በሚያውቁት ሪሙቭግሬይን በተባለው ማጣሪያ እነዚህ ሁለቱ የሚለዩት በቁጥር ብቻ ነው፤ ገዳቢው 1 ነው፣ መካከለኛውን የሚመርጠው 4። ማጣሪያው ከ20 በላይ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አሉት፤ ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ ያልተጻፈለት ሰው በግምት ይመርጣል።

ሌሎች ውሳኔዎች ደግሞ ጭራሽ ቁጥር እንኳ የላቸውም። ጠርዝ ላይ ያለ ፒክስል ስምንት ጎረቤት የለውም፤ እንዳለ ይተው ወይስ የጠርዙ ረድፍ ይደገምለት? ክብደት እየሰጠ አማካይ የሚወስደው ማጣሪያ ከላይ ላሉት ቁጥሮች 101.56 ያወጣል፤ ወደ 102 ይጠጋ ወይስ ክፍልፋዩ ተቆርጦ 101 ይሁን? ሁልጊዜ የሚቆርጥ ማጣሪያ በተደጋገመ ቁጥር ምስሉን በጥቂት በጥቂቱ ያጠቁረዋል። ከሁሉ የከፋው የቆየ የቴሌቪዥን ምስል ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች በተጠቀሙበት የፓል ሥርዓት ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸው መስመሮች የሚቀረጹት በሃምሳኛ ሰከንድ ልዩነት ነው። እንዲህ ባለ ቪዲዮ ላይ ከአንድ ፒክስል በላይና በታች ያሉት ጎረቤቶች በቦታ ቢቀርቡትም የሌላ ቅጽበት ናቸው። ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ ማጣሪያው የሚያነጻጽረው አሁን ያለውን እጅ ቀድሞ ከነበረበት ጋር ነው። ሁለቱን የመስመር ስብስቦች ለይቶ ማጣራት እንደሚያስፈልግ መመሪያው ካልተናገረ ተጠቃሚው ጥፋቱን በካሜራው ያሳብባል።

ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ያንብብ የሚሉ አሉ። ግልጽነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ለፍጥነት ተብሎ ብዙ ፒክስሎችን በአንድ ትእዛዝ እንዲያሰላ የተጻፈ ኮድ ለፕሮግራመርም ይከብዳል፤ ማጣሪያውን የሚጠቀመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤዲተር ወይም የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነው። በዚህ ረገድ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር የሪሙቭግሬይንን ቁጥሮች በመመሪያው አንድ በአንድ ማብራራቱ ያስመሰግነዋል። መመሪያ ከኮዱ ጋር ካልታደሰ ያሳስታል የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ መድኃኒቱም ከላይ ያየናቸው ዓይነት ዘጠኝ ቁጥሮች ናቸው። ከነውጤታቸው በመመሪያው ከተጻፉ ሰው ያነባቸዋል፣ ኮምፒውተሩም ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ይፈትናቸዋል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ወዲያው ይታወቃል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ዐይን ይፍረድ የሚለው ነው። ዐይን የጸዳውን ምስል ያያል እንጂ የጠፋውን አያይም። ካሴቱ ተበላሽቶ የተጣራው ቅጂ ብቻ ሲቀር፣ ደብዛዛው ፊደል ከቀረጻው ይሁን ከማጣሪያው ለማወቅ የማጣሪያው ስም፣ የሶፍትዌሩ እትምና የተመረጠው ቁጥር ከቅጂው ጋር ተመዝግበው መገኘት አለባቸው፤ ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው ጽሑፍም እንዲሁ።