ተገልብጦ የቆመ ማጣሪያ

በቀዶ ሕክምና ጊዜ ከሰውነት ውጭ እንዲዘዋወር የተደረገ ደም ወደ በሽተኛው ከመመለሱ በፊት ከቅንጣቶችና ከአየር አረፋ መጽዳት አለበት። አረፋ ወደ አንጎል ከዘለቀ የደም ሥር ዘግቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና። ጎርደንና ሰዘርላንድ የተባሉ ፈልሳፊዎች ለዚህ ሥራ በአሜሪካ ፓተንት የጠየቁበት ማጣሪያ የደሙ መግቢያም ሆነ መውጫ ከታች፣ የጋዝ ማስወጫው ደግሞ ከአናቱ ላይ ነው። አረፋው ከደም ስለሚቀልል ወደ ላይ ተንሳፍፎ ይወጣል።

የፓተንት መርማሪው ግን ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የአገሪቱ የፓተንት ሕግ መሠረት አንድ ፈጠራ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በሙያው አማካይ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ ሆኖ የሚታይ መሆን የለበትም። ለመርማሪው ማስረጃ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1916 ፓተንት የተሰጠው የቤንዚን ማጣሪያ ነበር። የዚህኛው መግቢያና መውጫ ከላይ፣ የቆሻሻው ማፍሰሻ ከታች ነው። የጽሕፈት ቤቱ የይግባኝ ቦርድም ይህን መሣሪያ ገልብጦ ማቆም ለባለሙያ ግልጽ ነው ሲል ተስማማ።

እስቲ እኛም በሐሳባችን እንገልብጠው። የአንድ ሊትር ቤንዚን መጠነ ቁስ ሦስት አራተኛ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከውሃ ይቀልላል ማለት ነው። ስለዚህ በመሬት ስበት ምክንያት ውሃውና ቆሻሻው ወደ ታች ሲዘቅጥ ንጹሑ ቤንዚን ከላይ ባለው መውጫ ይሄዳል። መሣሪያው ሲገለበጥ ግን ቤንዚኑ ከላይ ታፍኖ ይቀራል፤ በመውጫው የሚፈሰው ሊወገድ የታሰበው ውሃ ይሆናል፤ ወንፊቱም በቆሻሻ ይደፈናል። ማጣሪያነቱ ቀረ! የገዛ መሣሪያውን ሥራ እንዲህ ለማበላሸት የሚነሣሣ ባለሙያ ከየት ይመጣል?

የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ቦርዱን የሻረው በዚሁ ነጥብ ነው። አንድ ዕቃ ሊለወጥ መቻሉ ብቻ ለውጡን ግልጽ አያሰኘውም፤ ለውጡ ተፈላጊ መሆኑን የሚጠቁም ነገር በቀደሙት ሥራዎች መገኘት አለበት አለ። መልሱን ካዩ በኋላ «ይህማ ቀላል ነበር» ማለት የፈተና ወረቀቱ የተመለሰለት ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ መርማሪም ከዚህ አያመልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ መኪና ፔዳል በቀረበለት ክርክር መመዘኛውን አላልቶታል። ጥቆማው የግድ በጽሑፍ መገኘት የለበትም፤ የባለሙያው አስተዋይነትም ከግምት ይገባል ብሏል። ስለዚህ የሕክምና መሣሪያ አመልካች ዛሬ «ጥቆማው አልተጻፈም» በማለት ብቻ አይረታም። የቀደመው መሣሪያ በተባለው መንገድ ቢለወጥ ለታሰበለት ሥራ እንደማይውል በሥዕልና በስሌት ማሳየት ግን አሁንም ጠንካራ መከራከሪያ ነው።